አሥር ሺህ የጻፍኩበት ካርድ

ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኋላ ማንም ፈልጎ እንዳያገኝብኝ ከመጀመሪያው እናገራለሁ። ቁጥሩ የእኔ እጅ ነው፤ ስጽፈውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።

ቦታው በአረብ አገር፣ ሳሃብ በሚባል ሰፈር ነው፤ ወደ ፋብሪካዎቹ በሚያስገባው መንገድ ዳር ያለ ዘይት መቀየሪያ። መኪና የሚቆምባቸው ሁለት ጉድጓዶች፣ በታሸጉ ጀሪካኖች የተሞላ መደርደሪያ፣ ከጓሮ በኩል አንድ በርሜል፣ ከጎን ደግሞ ደንበኛ የሚቀመጥባት፣ ማሞቂያ ያላት ትንሽ ክፍል አለች። ባለቤቱ አቡ ጣሃ ይባላል። እኔ ሙዓለም እለዋለሁ፤ እዚህ አገር ሠራተኛ አለቃውን የሚጠራው እንዲያ ነው።

ሥራውን ያገኘሁት በጉልበቴ ሳይሆን በእጅ ጽሑፌ ነው። ዘይት የቀየረ መኪና ካርድ ሳይታሰርለት አይወጣም። ካርዱ ላይ የዛሬው የኪሎ ሜትር ቁጥር ይጻፋል፤ ከሥሩ ደግሞ ዘይቱ እንደገና የሚቀየርበት ቁጥር። አቡ ጣሃ የሚጽፈው ዶሮ የጫረው ይመስላል። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ግን መምህር እስጢፋኖስ አንዲት ሰባት ከተንጋደደች ገጹን በሙሉ እንደገና ያስጽፉን ነበር። እና አቡ ጣሃ ቁጥሬን አየና፣ «አንተ እዚሁ ትቀራለህ» አለኝ።

ደንበኞች ቀኑን ሙሉ የሚከራከሩት በአንድ ነገር ነው፤ ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? አንዱ ሦስት ሺህ ይላል፤ አንዱ መልኩ እስኪጠቁር ይላል፤ አንዱ ደግሞ አባቱ ሳይቀይር ሠላሳ ሺህ እንደነዳ ይምላል። መልሱን ያስተማረኝ አቡ ጣሃ ራሱ ነው። ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ይህን አልክድበትም። በበርሜል የሚመጣው ተራ ዘይት አምስት ሺህ ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሩን ይበላል። በመደርደሪያው ላይ ያለው ውዱ ዘይት አሥር ሺህ ይሄዳል። ብዙ ካልተነዳም ዓመት ሳይሞላው መቀየር ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና፣ ቆሞም ሞተሩ የማይጠፋ መኪና፣ ከተጻፈው ቀደም ብሎ ይቀየርለታል።

ሻዩንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንዳንድ ደንበኛ ከኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ያያል። ለእሱ ጀሪካኑ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ ማሸጊያው ዓይኑ እያየ ይቀደዳል። ሌላው ብርድ ይለውና ማሞቂያ ያላት ክፍል ይገባል። ያኔ አቡ ጣሃ «ሻይ አምጣ» ይለኛል። ሻይ አምጣ ማለት ከበርሜል ቅዳ ማለት ነው። ዘይቱ በውዱ ዘይት ባዶ ጀሪካን ይቀዳል፤ ደንበኛው በመርየሚያ ቅጠል የፈላ ሻዩን ጨርሶ ሲወጣ ሁሉም ነገር አልቋል። እኔም ካርዱ ላይ አሥር ሺህ እጽፋለሁ። ሴቶች ሁልጊዜ ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ወንዶች መሀል ቁሙ የሚላቸው ስለሌለ።

እትዬ ኸውላ የመጣችው በጥቅምት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ አገር የኖረች የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ሲሞት አንዲት ነጭ ቫን ቀረችላት። በሰዓት እየተከፈላቸው ቤት የሚያጸዱ ያገራችንን ሴቶች በቫኗ ጠዋት ወደ ሀብታሞቹ ሰፈሮች፣ ወደ ዴር ግባርና ወደ ረቢየህ ታደርሳለች፤ ከሰዓት ትመልሳለች። ያን ቀን «ይግቡ፣ ሻይ ላምጣልዎት» ስላት፣ «አንቱ አትበለኝ፣ ገና አላረጀሁም» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ሻዩን ጠጣች። ካርዱን ስሰጣት ቁጥሩን አየችና፣ «የሀበሻ እጅ! አሁን ልቤ አረፈ» አለች። ከኮፈኑ ሥር መታሰር የነበረበትን ካርድ ሁሉም እንዲያየው ከመስተዋቱ ላይ ሰቀለችው። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ገና በማለዳ፣ ቫኗ ስድስት ሴቶች ጭና መጣች። ከመታጠፊያው ጀምሮ ድምጿ ይሰማ ነበር። ተክ፣ ተክ፣ ተክ።

«ኢልያስ! ና እስቲ ይህቺን መኪና አዳምጥልኝ፤ ጥርሷን እያፋጨችብኝ ነው» አለች እትዬ ኸውላ።

መሪማ ከኋላ መስኮቱን ከፈተች። ከሴቶቹ ሁሉ ምላሷ የሚፈጥነው እሷ ናት። «ጥርስ የምታፋጨውስ የእኔ ማዳም ናት። ሁለት ሰዓት ካለፈ በር አትከፍትልኝም።»

«ዝም በይ አንቺ፤ ማዳምሽ ገና ከእንቅልፏ አልተነሳችም» አለቻት እትዬ ኸውላ። ወደ እኔ ዞረች። «ትናንት የዴር ግባርን ዳገት ስወጣ ቀይ መብራት ብልጭ አለብኝ። ያቺ ማንቆርቆሪያ የምትመስለው።»

«እኛማ ሻይ ጠጡ እያለችን ነው ብለን ሳቅን» አለች መሪማ።

እኔ አልሳቅኩም፤ ያቺ የዘይት መብራት ናት። «ስንት ሄደች?» አልኩ።

«ምን አልክ?»

ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል። ደገምኩላት።

«ሰባት ሺህ። ገና ሦስት ሺህ ይቀረኛል እኮ! ኢብሮ፣ ያ ፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤቴ፣ ‹አምስት ሺህ ካለፈሽ ቀይሪ› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። አፉን አስያዝኩት። ‹ያገሬ ልጅ በእጁ ጽፎልኛል፤ አንተ ከኢልያስ ልትበልጥ ነው?› አልኩት። ሰው ፊት ነው ያልኩት። እስካሁን አኩርፎኛል።»

ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ። ጨርቄ ላይ የቀረው ዘይት አይባልም፤ የመንገድ ሬንጅ ነው። በሁለት ጣቴ አሸት ሳደርገው ሻከረኝ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የመሙያውን ክዳን ስፈታ ከሥሩ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቋል።

«እንዴት ናት?»

«ደህና… ትመስላለች። እርስዎ ትንሽ ቢቆዩ…»

«እርስዎ?» ዓይኗን አጠበበች። «ምን አጥፍተህ ነው ዛሬ አንቱ የምትለኝ?»

አቡ ጣሃ ክፍሉ ውስጥ ከአንድ የታክሲ ነጂ ጋር ሲጫወት ነበር። ቢጫዋ ታክሲ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ቆማለች፤ ነጂው የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዟል። አቡ ጣሃ ፈገግ ብሎ ወጣ። «አህለን፣ አህለን! በዚህ ብርድ ውጪ ይቆማል? ገብተሽ ሻይ ጠጪ» አላት በአረብኛ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አዳመጠና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ከወፍራሙ ዘይት ሁለት ሊትር ጨምርበት። ድምፁ ይጠፋል።»

«ዳገት ላይ ሞተሩ ይሞታል፣ ሙዓለም።»

«ምን አልክ?»

«መለወጥ አለበት። አሁን።»

«ካርዱ አሥር ሺህ ይላል» አለ። ድምፁን አልጨመረም፤ ሲቆጣ ይለዝባል። «ካርዱን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲህ። መኪናዋ ከተበላሸች ሰው የሚያየው እጅህን ነው። እኔ ምን አውቃለሁ? ተስሪህህ የሚያልቀው መቼ ነው?»

ተስሪህ የሥራ ፈቃዴ ነው። «በሃያ ስምንት ቀን» አልኩ።

«የሚፈርመው ማነው?»

መልሱን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። «ያላ፣ ሻይ አምጣላት» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

ሄጄ ሻይ ቀዳሁ። እጄ ለምዶታል፤ ቅጠሉን ጨመርኩ፣ ስኳሩን አማሰልኩ፣ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። ትሪውን ይዤ ስወጣ ሴቶቹ በቫኗ መስኮት እየተንጠራሩ ያዩኝ ነበር። የዴር ግባር ዳገት ትዝ አለኝ። መኪና እዚያ ላይ ሞተሯ ሲሞት መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደርቃል፤ ከኋላ ደግሞ ሌላ መኪና አለ፤ ሁልጊዜም አለ። እትዬ ኸውላ ሁለቱንም ጓንቶቿን አውልቃ ለብርጭቆው እጇን ዘረጋች።

ትሪውን ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቼ ሻዩን መሬት ላይ ደፋሁት።

«ምነው?» አለች።

«አትጠጪ። እዚህ ቁሚ። ከመኪናሽ አጠገብ እንዳትርቂ።»

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

ነገርኳት። በአማርኛ፣ አንገቴን ሳላቀና፣ ግን ሁሉንም ነገርኳት። በጥቅምት ሻይ ስትጠጪ ከበርሜል ነው የቀዳሁልሽ። ያ ዘይት አምስት ሺህ ነው። አሥር ሺህ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። መኪናሽ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በሞተ ዘይት ሄዳለች።



«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ወደ ቫኗ ገብታ ካርዱን ከመስተዋቱ በጠሰችው፤ ተመልሳ በእሱ ደረቴን መታችኝ። ካርድ ነው፤ አያምም። ግን ሦስት ጊዜ መታችኝ። «ኢብሮን አዋረድኩት እኮ! በአንተ እጅ ምዬ! እነዚህን ሁሉ ጭኜ! አንተ… አንተ ቀጣፊ!»

«ይሄ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው?» አለች መሪማ። «እኛ ጨዋ ነው ስንል፣ ለካ አንገቱን የደፋው በምክንያት ነው።»

ሌሎቹ ሳቁ። የተባለው እውነት ነበር።

«ምን ትላለች?» አለ አቡ ጣሃ። አማርኛ አይሰማም፤ ካርዱን ግን አይቷል።

እትዬ ኸውላ ወደ እኔ ተጠጋች። «በእኛ ቋንቋ ለእኔ ማንሾካሾክህ ምን ይረባኛል? እሱ ይስማ። ያ ሰውዬም ይስማ» አለችና የታክሲውን ነጂ በአገጯ አሳየችኝ። «ጻፍክ አይደል? አሁን ተናገር።»

በአረብኛ ተናገርኩ። ረጅም አልነበረም። «በጥቅምት ለእሷ የሰጠናት ዘይት ከበርሜል ነው። የአምስት ሺህ ዘይት ሰጥተን አሥር ሺህ ጻፍንባት። ሻይ ለሚጠጣ ሁሉ እንዲህ እናደርጋለን።»

«ምን አልክ?» አለ አቡ ጣሃ።

ሰምቶኛል። እንድውጠው ነው የፈለገው። አልዋጥኩትም። ጮክ አድርጌ ደገምኩት፤ ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ሰው ቀና አለ።

የታክሲው ነጂ ብርጭቆውን ተመለከተ። «እኔም ሻይ እየጠጣሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወደ መኪናው ኮፈን ሄደ።

አቡ ጣሃ ሳቀ። «ልጁ ታሟል፤ ማታ አልተኛም» አለ ለነጂው። እኔን ሲያየኝ ግን አልሳቀም። «ውጣ። ተስሪህህንም እርሳው።»

«እወጣለሁ። የእትዬ ኸውላን ዘይት ቀይሬ እወጣለሁ።»

«በማን ዘይት?»

ወደ መደርደሪያው ሄጄ ሁለት የታሸጉ ጀሪካኖችና አንድ የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ አወረድኩ። አቡ ጣሃ ፊቴ ቆመ። ከእኔ በቁመትም በጎንም ይበልጣል። «አስቀምጥ። ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ!» አለች እትዬ ኸውላ። አረብኛዋ እንደ ገበያ ሴቶቻቸው ነው፤ እጇም አብሮ ይናገራል። «ቁጥሩን ካላወቅከው እኔ ልደውልልህ። በጥቅምት የገዛሁትን ዘይት ዛሬ ነው የምወስደው። ፖሊሱ ሲመጣ በርሜልህን ከፍተን አብረን እናሸተዋለን። እነዚህም ስድስቱ ይመሰክራሉ።»

«እኔ በግልምጫ ነው የምመሰክረው፤ አረብኛዬ ገና ነው» አለች መሪማ፣ እየወረደች።

ሁሉም ወረዱ። እትዬ ኸውላ ቫኗን ጉድጓዱ ላይ አቁማ ሞተሩን አጠፋች፤ ሴቶቹ ከበው ቆሙ። የታክሲው ነጂ ዘንጉን መዞ በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኛ ያይ ነበር፤ በር ላይ አንድ ፒክአፕ ቆሞ ተራ ይጠብቅ ነበር። አቡ ጣሃ ያን ሁሉ ዓይን ቆጠረና ከፊቴ ዞር አለ።

ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ብሎኑን ስፈታው ዘይቱ መውረድ አልፈለገም፤ ተጎተተ፣ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ጥቁር ገመድ ሆኖ ወረደ። ከላይ ሴቶቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። አንዷ «ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው ስታደርሰን የነበረው?» አለች። ጨርሶ እስኪንጠባጠብ ጠበቅኩ። ፊልትሮውን ቀየርኩ። ወጥቼ ጀሪካኑን ለእትዬ ኸውላ ሰጠኋት፤ ማሸጊያውን ራሷ በጥፍሯ ቀደደችው፣ አሸተተችው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሲፈስስ ቆማ አየች።

«አስነሺያት» አልኳት።

ተነሳች። ተክ ተክ አለች፤ ማንቆርቆሪያዋ መብራት በራችና ጠፋች። ድምፁ ቀነሰ፣ ቀነሰ፤ ግን ጆሮ ለሚሰጥ ሰው ከሥር አሁንም አለ።

«ዳነች?»

«አላውቅም» አልኳት። ያን ቀን ሌላ ውሸት ልነግራት አልፈልግም ነበር።

አዲስ ካርድ አወጣሁ። የዛሬውን ቁጥር ጻፍኩ። አቡ ጣሃ ከበሩ ተደግፎ፣ «አሁንስ ስንት ልትጽፍ ነው፣ ጠበቃው? ዘይቱ የአሥር ሺህ ነው» አለ።

ሁለት ሺህ ጨምሬ ጻፍኩ።

«ሁለት ሺህ?» አለች እትዬ ኸውላም። «ውዱ ዘይት ነው እኮ! አሁን ደግሞ በዚያኛው በኩል ልታታልለኝ ነው?»

«ውስጧ ቆሽሿል። ይህ ዘይት ያጥባታል፣ ከዚያ ይደፋል። ከዚያ በኋላም በየአምስት ሺሁ ቀይሪ፤ ጀሪካኑ አሥር ቢልም።»

«ለምን ሲባል?»

«ስድስት ሰው ጭነሽ ዳገት ትወጫለሽ። ረቢየህ ደርሰሽ ማሞቂያ ከፍተሽ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ያን ጊዜ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ተኝቷል፤ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው።»

አሰበችው። «ይሄንንስ ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው። ከቁጥሩ ሥር ስሜን ጻፍኩ፤ በአማርኛም በአረብኛም። እስከዚያ ቀን በአንድም ካርድ ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም ነበር። አረብኛው ትንሽ ተንጋደደብኝ፤ ተውኩት።

አሮጌውን ካርድ ከእጇ ተቀበልኩ። አሥር ሺህ ባልኩበት ላይ በወፍራም ቀይ ብዕር ሰረዝኩና አምስት ሺህ ጻፍኩ፤ ስሜንም ጨመርኩ። ከዚያ ደንበኛ ሻይ የሚጠጣባት ክፍል ገብቼ ከሻይ ማንደጃው በላይ ባለችው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። የታክሲው ነጂ ተከትሎኝ ገባ፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ልብሴን ከጀርባው በር ወሰድኩ።

ስወጣ እትዬ ኸውላ መሪው ላይ ተቀምጣለች። «ግባ።»

«ወዴት?»

«ማታ ኢብሮ ዘንድ። ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ፤ እኔ ብቻዬን አልዋረድም። አሁን ከኋላ ቁጭ በልና አዳምጣት። ዳገቱ ላይ ከጮኸች ትነግረኛለህ። እንዳልረሳሁልህ ደግሞ እወቅ፤ ገና አልጨረስኩህም።»

ገባሁ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ፤ በደስታ አይደለም። ባሏ የተወላት መኪና ተንቀሳቀሰች። ዋናውን መንገድ ስንይዝ መሪማ፣ «ተስሪህህስ?» አለችኝ።

«ሃያ ስምንት ቀን አለኝ።»

«ምን አልክ?»

«ሃያ ስምንት ቀን!»

«እሺ፣ እሺ፣ ጆሮዬን አትብላኝ» አለች። ቀጥላም፣ «ሃያ ስምንት ቀን ብዙ ነው። እኔ በሃያ ቀን ሦስት ማዳም ቀይሬያለሁ።»

የዴር ግባር ዳገት ሥር ስንደርስ እትዬ ኸውላ ሬድዮውን ዘጋችው። ማርሹን ቀነሰች፤ ቫኗ አጉረመረመችና መውጣት ጀመረች። ሁላችንም ያቺን የመብራት ቦታ እናይ ነበር። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው።

አቡ ጣሃ ነበር። አነሳሁት።

ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ኢልያስ ልጄ» አለኝ፤ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ታክሲው ፎቶውን ለጓደኞቹ ልኮታል። ሦስት ሰዎች መጥተው በር ላይ ቆመዋል። ና፤ ቀልድ ነበር፣ ከሙዓለሜ ተጣልቼ ነው በላቸው። ተስሪህህን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ለሁለት ዓመት።»

ዳገቱ እየበረታ ነው። መብራቷ አልበራችም። እትዬ ኸውላ በመስተዋቱ ታየኛለች፤ አዲሱ ካርድ ፊቷ ላይ ይወዛወዛል።

«ካርዱን አንተ እንዳልጻፍከው ብቻ በልልኝ» አለ አቡ ጣሃ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩት። «ስሜ አለበት።»

«ምን አልክ?»

ደግሜ ነገርኩት፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ መለስኩ።